ያን ቾክራልስኪ፤ ብዕሩን በቀለጠ ቆርቆሮ የነከረው ሰው



እኛ በሐዋሳ የምንገኝ ተማሪዎች ሁላችንም ስልክ በእጃችን ይዘናል። በውስጡ ያለው ስስ የሲሊከን ገበታ ከማን ጥበብ እንደ መጣ ብንጠየቅ ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን? ስለዚህ የያን ቾክራልስኪን ሕይወት ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደናል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቾክራልስኪ በ1885 ዓ.ም. በፕሩሺያ ግዛት ሥር በነበረችው ክጺኒያ በምትባል የፖላንድ ከተማ ከአንድ አናጢ ቤት ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ በርሊን ሄዶ በአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ስለ ብረታ ብረት ጠባይ ይመረምር ጀመር።

በ1916 ዓ.ም. እንደሚነገረው፣ ሲጽፍ ሳለ ሐሳቡ ተሰርቆ ብዕሩን በቀለም ቢልቃጥ ፈንታ በአጠገቡ በነበረው የቀለጠ ቆርቆሮ ውስጥ ነከረው። ቀና ሲያደርገው ቀጭን የብረት ክር ተከትሎ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ብዕሩን ጠርጎ ሥራውን በቀጠለ ነበር። እርሱ ግን ክሩን መረመረውና አቶሞቹ በአንድ ሥርዓት የተሰለፉበት ወጥ ክሪስታል ሆኖ አገኘው።

ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በአሜሪካ ጎርደን ቲልና ባልደረቦቹ ይህን ዘዴ ለሴሚኮንዳክተር አዋሉት። ሲሊከን በ1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ትንሽ የዘር ክሪስታል ትነከርና እየተሽከረከረች በዝግታ ወደ ላይ ትሳባለች። ተከትሏት የሚወጣው ዓምድ በስሱ ይቆረጣል፤ ይሞረዳል፤ ይወለወላል። 300 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ገበታ የላዩ ሸካራነት ከአንድ ናኖሜትር ያነሰ ነው። ይህ ገበታ የሐዋሳን ሐይቅ ወርድ ያህል ቢሰፋ እንኳ ሸካራነቱ ከአንድ ጠጉር ውፍረት አይበልጥም።

የዚህ ልስላሴ ጥቅም ምንድን ነው? የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን ነገር ለማየት የሚሻ ተመራማሪ፣ ማረፊያው አባጣ ጎርባጣ ከሆነ የነገሩን መልክ ከማረፊያው መልክ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። በ2004 ዓ.ም. የማንቸስተር ሊቃውንት ግራፊንን ለዓለም የገለጡት በኦክሳይድ በተሸፈነ የሲሊከን ገበታ ላይ አሳርፈው ነው።

ቾክራልስኪ ግን ይህን ሁሉ ክብር አላየም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ አገሩ ተመልሶ በዋርሶ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ዓ.ም. ከጠላት ጋር ተባብሯል ተብሎ ታሰረ፤ ማስረጃ ስላልተገኘበት ተለቀቀ። የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ግን አልቀበለውም አለ። ወደ ትውልድ ከተማው ገብቶ የቤት ውስጥ ኬሚካሎችን እየሠራ ኖረ፤ በ1953 ዓ.ም. አረፈ። መቃብሩ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ስም አልተጻፈበትም። ያው ሴኔት ክብሩን የመለሰለት በ2011 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። በቤተ ሙከራ ያልጠበቅነው ነገር ሲገጥመን፣ ጠርገን ከመጣላችን በፊት እንመርምረው። በባልንጀራችን ወይም በመምህራችን ላይ ወሬ ሲነሣ ደግሞ፣ ከመፍረዳችን በፊት ማስረጃ እንጠይቅ። የዋርሶው ሴኔት ስሕተቱን ለማረም 66 ዓመት ፈጅቶበታል።