ከሃምሳ ዶላር በፊት የነበረው ደጅ ጥናት

ጆን ሮክፌለር በ1855 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ በ16 ዓመቱ፣ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ጨርሶ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ሥራ ፍለጋ ወጣ። አባቱ ብዙ ጊዜ ከቤት ስለሚጠፋ እናቱን ማገዝ ነበረበት። ለሳምንታት ደጅ ጠና፤ እምቢ ያሉትን ንግድ ቤቶች ሳይቀር ተመልሶ ጠየቀ። ሴፕቴምበር 26 ቀን ረዳት ሒሳብ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተከፈለው 50 ዶላር ብቻ ነበር። ከዚያችው ለቤተ ክርስቲያን የሰጠውን ጭምር ሳንቲም ሳያስቀር በትንሽ ደብተር መዘገበ።

በኋላ የነዳጅ ንግዱ ሀብትም ብዙ ወቀሳም አመጣለት። የተቀጠረባትን ቀን ግን በየዓመቱ ያከብር ነበር።

እኅቶቼ፣ ሥራ ፈላጊ ልጅ ካለቻችሁ እምቢ ወዳሏትም ተመልሳ እንድትጠይቅ አበረታቷት። የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ደግሞ ደብተር ግዙላት።