ባለጉዳይ ያጡት ጠበቃ

ሞሃንዳስ ጋንዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 የጥብቅና ማዕረግ ይዘው ከለንደን ቢመለሱም ቦምቤይ ላይ ባለጉዳይ አጡ። የመጀመሪያው ነገር ሲመጣላቸው ለደላላ ድርሻ አልከፍልም አሉ፤ ችሎት ቆመው ግን ለምስክሩ የሚያቀርቡት ጥያቄ ጠፋባቸውና 30 ሩፒውን መለሱ። ራጅኮት ሄደው ማመልከቻ በመጻፍ ኖሩ፤ እዚያስ ነገር ለሚያቀብላቸው ጠበቃ ድርሻ መክፈል አልቀረላቸውም።

በ1893 የነጋዴው የዳዳ አብዱላ ድርጅት ቀጥሮ ደቡብ አፍሪካ ወሰዳቸው። ድርጅቱ ከዘመድ ነጋዴ ጋር የገጠመው ሙግት ሁለቱንም ወገን ሊያራቁት መቃረቡን አይተው ነገሩ በግልግል ዳኝነት እንዲያልቅ አግባቡ። ዳዳ አብዱላ ረቱ። ተረቺው 37,000 ፓውንድ ያህሉን ከነኪሣራው ባንድ ጊዜ ቢጠየቅ ይከስር ነበር፤ ረቺው በረጅም ጊዜ ክፍያ እንዲስማሙ ለማድረግ ጋንዲ ከግልግሉ ይልቅ ደከሙ። በ1894 ስለ ሕንዳውያን የመምረጥ መብት ሊሟገቱ ደርባን ሲቀሩ ለሕዝብ ሥራ ደመወዝ አልቀበልም አሉ፤ 20 ያህል ነጋዴዎችም የዓመት የጥብቅና ሥራቸውን ሰጧቸው።