አንቶኒኑስ ፒዩስ

አንቶኒኑስ ፒዩስ (86 – 161 እ.ኤ.አ.) ከ138 እስከ 161 እ.ኤ.አ. የሮሜ ንጉሠ ነገሥት ነበረ። ከሞተ በኋላ በሮሜ አማልክት ተርታ ተቆጥሮ የመታሰቢያ የወርቅ ሳንቲሞች ወጥተውለታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

== ወደ ሥልጣን አመጣጡ ==
አንቶኒኑስ የተወለደው ከሮሜ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ላኑዊዩም ነው። ቤተሰቡ ግን በዛሬዋ ፈረንሳይ ካለችው ከኒም የመጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ልጅ ስላልነበረው፣ መጀመሪያ የመረጠው ወራሽ በ138 ሲሞት አንቶኒኑስን በጉዲፈቻ ልጁ አደረገው። አንቶኒኑስም በተራው ማርቆስ አውሬሊዩስንና ሉኪዩስ ዌሩስን ልጆቹ እንዲያደርግ ተስማማ።

ሐድሪያን በዚያው ዓመት ሲሞት ሴኔቱ አምላክ ብሎ ሊያውጀው አልፈለገም፤ በዘመኑ መኳንንት ተገድለው ነበርና። እንዲያውም ድንጋጌዎቹን ለመሻር ታስቦ ነበር። አንቶኒኑስ ግን እነዚህ ከተሻሩ የራሱ ጉዲፈቻም አብሮ እንደሚፈርስ አስረድቶ ሴኔቱን አሳመነ። «ፒዩስ» (ለወላጅና ለአማልክት ግዴታውን የሚፈጽም) የሚለው ስም በዚህ ምክንያት እንደተሰጠው ይነገራል።

== ዘመነ መንግሥቱ ==
አንቶኒኑስ ግዛቱን ያስተዳደረው ከጣልያን ሳይርቅ ነው። በ142 ገደማ በዛሬዋ ስኮትላንድ 60 ኪሎሜትር ያህል የሚረዝመው የአንቶኒኑስ ግንብ መሠራት ጀመረ። ሚስቱ ፋውስቲና በ140 ስትሞት አምላክ ተብላ ታወጀች፤ ቤተ መቅደስ ተሠራላት፣ መልኳም በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲሞች በብዛት ወጣ።

== የመታሰቢያ ሳንቲሞች ==
አንቶኒኑስ በማርች 7 ቀን 161 በሎሪዩም ሞተ። ሁለቱ ወራሾቹ አምላክነቱን ካሳወጁ በኋላ «አውሬዩስ» የተባለውን የወርቅ ሳንቲም በስሙ አስመቱ። አንድ አውሬዩስ 7 ግራም ያህል ሲመዝን 25 የብር ዴናሪ ያወጣ ነበር። በፊቱ የአንቶኒኑስ ራስና «ዲዉስ» (መለኮታዊ) የሚል ማዕረግ ይታያሉ። በጀርባው «ኮንሴክራቲዮ» ከሚለው ጽሕፈት ጋር ንስር፣ ወይም ሬሳው የተቃጠለበት ባለ ብዙ ደርብ የእንጨት ክምር ተቀርጿል። ንስሩ ነፍሱን ወደ ሰማይ የሚወስድ ምልክት ነበር። ሳንቲሞቹ ለማርቆስና ለሉኪዩስም ጠቅመዋል፤ በሥጋ ያልወለዳቸው አባት አምላክ ሲባል፣ እነርሱ የአምላክ ልጆች ተብለው ዙፋናቸውን አጸኑ።

የአንቶኒኑስ ዓምድ መሠረት ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም ይገኛል። በኋላ ለእርሱም የተሰየመው የፋውስቲና ቤተ መቅደስ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለውጦ በሮሜ ፎሩም እስካሁን ቆሟል።