ሊቁ ሄሮኒሞስ፦ ክርስቲያን ነኝ ማለትና ክርስቲያን መሆን

ወደ ቤተ ልሔም የሚወርድ ተሳላሚ፥ ከልደት ቤተ ክርስቲያን ሥር ካሉት ዋሻዎች አንዱ ፈረንጆች ጀሮም የሚሉት የሊቁ የሄሮኒሞስ በኣት ነው ሲባል ይሰማል። ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን የመለሰው እርሱ ነው።

በ347 ዓመት ገደማ (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ስትሪዶን በምትባል ከተማ ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ፤ በሮም የንግግር ጥበብ ተማረ፥ በዚያም ተጠመቀ። ከዚያ በኋላ ስለ መንግሥተ ሰማያት ቤቱንና ዘመዶቹን ተወ። መጻሕፍቱን ግን መተው አልሆነለትም። የአረማዊውን ሊቅ የሲሴሮን መጽሐፍ ሊያነብ ይጾም ነበር፤ ነቢያትን ሲገልጥ ደግሞ ንግግራቸው ሻካራ እየሆነበት ይሰለቻል።

በ374 ዓመት ገደማ በአንጾኪያ ሳለ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ንዳድ ያዘው፤ ሰዎችም መቃብሩን እስከ ማሰናዳት ደረሱ። በዚያን ጊዜ በራእይ ከዳኛ ፊት ቆመ። ማንነቱን ቢጠየቅ ክርስቲያን መሆኑን ተናገረ፤ ዳኛው ግን ሐሰተኛ አደረገው፥ የሲሴሮ ሰው እንጂ የክርስቶስ እንዳልሆነም ገለጠለት። ተገረፈ፤ የዓለምን መጽሐፍ ዳግመኛ ላያነብም ማለ።

አንባቢ ሆይ፥ ስሙን የተነፈገው ከሐዲ ወይም ዘማዊ አይደለም፤ የተጠመቀ፥ የሚጾም፥ ንብረቱን የተወ ሰው ነው። ቅኔውን ለቤቱ መምታት ብቻ ለምንወድ ተማሪዎች ይህ ነገር እጅግ ቅርብ ነው።

ሰውየው በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። ምላሱ እስከ መጨረሻው ስለታም ነበረ። የቀድሞ ወዳጁ ሩፊኖስ መሐላውን አፍርሰሃል ብሎ ሲከሰው፥ ሕልም ነው ብሎ ማቃለሉ ለእኔ ደስ አያሰኝም።

በ386 ዓመት በቤተ ልሔም ተቀመጠ። ጳውላ የተባለች የሮም ባለጸጋ መበለት በገንዘቧ ገዳማትንና የእንግዳ ማረፊያን አሠራች። ከኢትዮጵያም ሳይቀር መነኰሳት ወደዚያ ይመጡ እንደ ነበረ እርሱ ራሱ ጽፎአል። ነገር ግን ኢየሩሳሌምን መርገጥ ብቻውን እንደማያጸድቅ፥ የሰማይ ደጅ ከሩቅ አገር ለሚኖረውም እኩል ክፍት እንደ ሆነ ለአንድ ወዳጁ አስተማረ።

በ410 ዓመት ጎታውያን ሮምን ዘረፉ። ትናንት ባለጸጎች የነበሩ ስደተኞች እየለመኑ ቤተ ልሔም ደረሱ። ሊቁ በዚያን ጊዜ የሕዝቅኤልን ትርጓሜ ይጽፍ ነበር፤ የተማረውን በሥራ የሚገልጥበት ቀን እንደ ሆነ አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ፥ ማደሪያና እንጀራ ሊፈልግላቸውም ተነሣ። ዐይኑ ደክሞ ሳለ ትርጓሜውን በሌሊት በመብራት ይቀጥል ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ፈጸመው። በ420 ዓመት በዚያው በቤተ ልሔም ዐረፈ።