የወልና የተናጠል፤ የኦሌ ዮሃን ዳል ሕይወትና ሥራ

ኦሌ ዮሃን ዳል በ1931 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኖርዌይ ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው ማንዳል ከተማ ተወለዱ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ እየተማሩ ገና በወጣትነታቸው በአገሪቱ የመከላከያ ምርምር ተቋም ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። በ1963 ወደ ኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል ተዛውረው ከክሪስተን ኒጎርድ ጋር ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ ቀረጹ። ኒጎርድ አደባባይ የሚወዱ የፖለቲካ ሰው ሲሆኑ፣ ዳል ዝምታንና ፒያኖን የሚመርጡ ነበሩ።

በ1967 የቀረበው ሲሙላ 67 ክላስንና ኦብጀክትን ለዓለም አስተዋወቀ። ክላስ የወል መግለጫ ነው፤ ኦብጀክት ደግሞ በዚያ መግለጫ የተፈጠረ፣ የራሱ መረጃ ያለው ግለሰብ ነው። ነገሩን ወደ አገራችን ለማምጣት፣ በከፋ ሺሺንዳ የአንድ ቡና መጋዘን ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ይታሰብ። እያንዳንዱ ጆንያ ኦብጀክት ነው፤ ክብደቱን ቢጠየቅ የራሱን ይመልሳል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም መሆኑ ግን የየትኛውም ጆንያ ጠባይ አይደለም፤ የወል ስሌት ነው። በሲሙላ እንዲህ ያለው ስሌት ከክላሱ ውጭ፣ በዙሪያው ባለው ብሎክ ይጻፍ ስለ ነበር የሚምታታበት ምክንያት አልነበረም።

የሲሙላ ወራሾች የወሉን ሥራ ስታቲክ ብለው ወደ ክላሱ አስገቡት። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሲ ፕላስ ፕላስና በ1995 የወጣው ጃቫ ስታቲክ የሆነውን ሥራ በአንድ ኦብጀክት በኩል መጥራትን ይፈቅዳሉ። አንባቢው ጆንያው የመለሰ ይመስለዋል፤ በጃቫ ግን የጆንያው ቦታ ባዶ ቢሆን እንኳ መልሱ ይመጣል። ከዚህም የከፋ አለ። ከእሸት ቡናና ከጀንፈል የሚወጣው ንጹሕ ቡና መጠኑ ይለያያል። ለእሸት ቡና ጆንያ የተለየ ስታቲክ ስሌት በዚያው ስም ቢጻፍና ጆንያው በጠቅላላው ክላስ ስም ቢመዘገብ፣ የሚሠራው የጠቅላላው ስሌት ነው፤ ሻጩም የሚከፈለው በተሳሳተ ሒሳብ ይሆናል። ዳልና ኒጎርድ ቨርቹዋል ባሉት ፕሮሲጀር ግን መልሱን የሚወስነው የኦብጀክቱ የራሱ ክላስ ነበር። ሲ ሻርፕ ይህን ጥሪ ኮምፓይለሩ እንዲከለክለው አድርጓል፤ ለዳል አሠራር የሚቀርበውም ይኸው ክልከላ ነው። ማስጠንቀቂያ ብቻ መስጠት፣ ለቸኮለ ፕሮግራመር፣ ካለመስጠት እምብዛም አይሻልም።

ዳል በ1968 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1972ም ከዳይክስትራና ከሆር ጋር ስለ ሥርዓታዊ ፕሮግራም አጻጻፍ የታወቀውን መጽሐፍ አሳተሙ። የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት ከኒጎርድ ጋር ተጋርተው በሰኔ 2002 ዐረፉ። ኒጎርድም በዚያው ዓመት በነሐሴ ተከተሏቸው።