ቤንጃሚን ፍራንክሊን ራሱን እንዴት አስተማረ



እኛ በአዳሪነት የምንማር ተማሪዎች አዛዣችን ደወል ነው። ከመኝታችን የሚያስነሣን ደወል ነው፤ ወደ ጸሎት፣ ወደ ቁርስና ወደ ክፍል የሚጠራን ደወል ነው፤ ማታም ከጥናት በኋላ መብራት የሚያስጠፋን እርሱ ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን በቅርብ ጊዜ ከዚህ ደወል እንለያለን። እንግዲህ ከዚያ በኋላ በሰዓቱ የሚያስነሣን፣ አንብቡ የሚለን፣ ስንቈጣም የሚገሥጸን ማን ነው? ይህ አሳብ ሲያስጨንቀኝ ከሰነበተ በኋላ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የሕይወት ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ስለዚህ ታሪኩን በዚህ የመታሰቢያ መጽሔታችን ላይ ባጭሩ አቀርባለሁ።

ፍራንክሊን በ1706 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ያን ጊዜ አገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረ። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚተዳደር ሰው ሲሆን የ17 ልጆች አባት ነበረ፤ ቤንጃሚንም ከእነርሱ 15ኛው ነው። ትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው፤ እዚያም በጽሕፈት ሲቀናው በሒሳብ ወደቀ። በ10 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱን በሻማ ሥራ ይረዳ ጀመር። በ12 ዓመቱም ፊደል ለቀማና የኅትመት ሥራ እንዲማር በታላቅ ወንድሙ በጄምስ ማተሚያ ቤት በውል ተቀጠረ።

እንዲህ ያለ ልጅ ዕድሌ ይኸው ነው ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ፍራንክሊን ግን ማታ መጽሐፍ ተውሶ፣ ጧት ሳይጓደል ለመመለስ ሲል ሌሊቱን ሲያነብ ያድር ነበር። 16 ዓመት ሲሆነው ሥጋ መብላት ተወና ወንድሙ ለቀለቡ ከሚያወጣው ገንዘብ ግማሹን ለራሱ እንዲሰጠው ለመነ። ከዚያችውም ግማሹን አስተርፎ መጽሐፍ ይገዛባት ነበር። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እርሱ በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ዳቦና ውሃ ቀምሶ ያነባል። በዚሁ ጊዜ ያን በትምህርት ቤት የጣለውን ሒሳብ መጽሐፍ ይዞ ያለ መምህር ለብቻው ተማረው።

አባቱ አንድ ቀን የጻፈውን ደብዳቤ አይቶ የቃላት ፊደል አገባቡና ሥርዓተ ነጥቡ መልካም ቢሆንም የአጻጻፍ ውበት እንደሚጐድለው ነገረው። ልጁ አልተቀየመም። ስፔክቴተር የሚባለውን የእንግሊዞች መጽሔት አንድ ጥራዝ አግኝቶ ከጽሑፎቹ አንዱን ያነብና የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አሳብ ባጭሩ ይመዘግባል። መጽሐፉን ዘግቶ ጥቂት ቀን ካሳለፈ በኋላ ጽሑፉን ከማስታወሻው በራሱ ቃል እንደገና ይጽፈዋል። ከዚያም ከመጀመሪያው ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ያርማል። ቀን ሥራ ስለሚበዛበት ይህን የሚያደርገው ማታ ከሥራ በኋላ ወይም ጧት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነበረ።

በ1723 ዓ.ም. ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ በ17 ዓመቱ ወደ ፊላዴልፊያ ኰበለለ። በኋላም ለንደን ሄዶ በማተሚያ ቤት ሠርቶ በ1726 ተመለሰና በ1728 ከአንድ ባልንጀራው ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት አቋቋመ።

በዚህ የወጣትነቱ ዘመን ነው ከጕድለት ሁሉ የጸዳ ሰው ለመሆን የቈረጠው። ክፉና ደጉን ካወቅሁ ደጉን መሥራት ምን ያዳግተኛል ብሎ ነበር። ነገር ግን አንዱን ጥፋት ሲጠብቅ ሌላው ሳያስበው ይጥለዋል፤ ልማድም በዘነጋ ቍጥር ትቀድመዋለች። ያን ጊዜ ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃና ክፉው ልማድ ተሰብሮ መልካሙ ልማድ በቦታው መተከል እንዳለበት ተረዳ።

ስለዚህ 12 መልካም ጠባዮችን መርጦ ጻፈ። ከእነዚህም መካከል በመብልና በመጠጥ መጠንን ማወቅ፣ ዝምታ፣ ሥርዓት፣ ቁጠባ፣ ትጋት፣ ቅንነትና ፍትሕ ይገኛሉ። አንድ ወዳጁ ግን ሰዎች ትዕቢተኛ እንደሚሉት፣ በክርክርም ካላሸነፈ ደስ እንደማይለው ምሳሌ እየጠቀሰ በግልጽ ነገረው። ፍራንክሊንም ተግሣጹን ተቀብሎ ትሕትናን 13ኛ አድርጎ ጨመረ።

በአንዲት ትንሽ ደብተር በየገጹ ለሰባቱ ቀኖች ሰባት ዓምድ፣ ለ13ቱ ጠባዮችም 13 መስመር አሰመረ። ማታ ማታ ራሱን መርምሮ ባጠፋበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ያደርጋል። ሁሉን ባንድ ጊዜ ለመያዝ አልሞከረም፤ በአንድ ሳምንት ለአንዱ ጠባይ ብቻ ልዩ ጥንቃቄ ያደርግ ነበር። በ13 ሳምንት አንድ ዙር ይፈጽማል፤ በዓመትም አራት ዙር ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የአገራችንን ተረት ባይሰማም በሥራ የፈጸመው ይመስላል። ቀኑንም ከፋፍሎት ነበር፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ዛሬ ምን በጎ ነገር ልሥራ ብሎ ያስባል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከመተኛቱም በፊት ምን በጎ ነገር እንደ ሠራ ራሱን ይጠይቃል።

ታዲያ ተሳካለትን? ጥፋቱ ካሰበው በላይ ሆኖ አገኘው። ነጥቡን እየፋቀ እንደገና ሲጽፍበት ደብተሩ ስለ ተበሳሳ፣ በእርጥብ ነገር ሊጠረግ በሚችል በዝሆን ጥርስ ገጽ ላይ ለመጻፍ ተገደደ። ይልቁንም ወረቀትንና ዕቃን በየቦታው የማስቀመጥ ሥርዓት እስከ እርጅናው ድረስ አስቸገረው። ቢሆንም ነጥቦቹ እየቀነሱ ሲሄዱ ያይ ነበርና ተስፋ አልቈረጠም። በ78 ዓመቱ በፈረንሳይ አገር ሆኖ ይህን ሲጽፍ፣ የተመኘው ፍጽምና ላይ ባይደርስም ባይሞክር ኖሮ ከሚሆነው የተሻለና ደስተኛ ሰው እንደ ሆነ መስክሯል።

ትሕትናንም በተመለከተ፣ ትዕቢት ከልቡ ፈጽሞ እንዳልወጣ አልሸሸገም። ነገር ግን በእርግጥ ወይም ያለ ጥርጥር እያለ መናገርን ትቶ፣ እንዲህ ይመስለኛል ማለትን ለመደ። የዚህ ልማድ ፍሬ ከብዙ ዘመን በኋላ ታየ። በ1787 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በፊላዴልፊያ ሲረቀቅ ፍራንክሊን 81 ዓመት ሆኖት ከተሰበሰቡት ሁሉ ሽማግሌው እርሱ ነበረ። በመጨረሻው ቀን ድካም ስለ ነበረበት ንግግሩን ሌላ ሰው አነበበለት። በንግግሩም ከሕጉ ውስጥ ያልተስማማባቸው ነገሮች እንዳሉ ገልጦ፣ ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ሊሳሳት እንደሚችል በማሰብ እንደሚፈርም ተናገረ፤ ሌሎቹም እንዲሁ እንዲያደርጉ ለመነ። በወጣትነቱ በክርክር መሸነፍን የማይወድ የነበረው ሰው እንዲህ ሆነ።

አንድ ከባድ ነገር ግን መሸፈን አይገባም። ፍራንክሊን በቤቱ ባሮች ነበሩት፤ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። ይህ ጥፋት በዚያች ደብተር ላይ መስመር አልተሰመረለትም። ሆኖም አሳቡ እየተለወጠ ሄዶ በ1787 ባርነትን ለማስቀረት የቆመው የፔንሲልቬንያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በየካቲት 1790 ዓ.ም. ባርነት እንዲቀር ለአገሩ ምክር ቤት የቀረበውን አቤቱታ ፈረመ፤ ከሁለት ወር በኋላም በ84 ዓመቱ ሞተ። ከዚህ የተማርሁት፣ ሰው ራሱን ሲመረምር ጐረቤቱ ሁሉ የሚያደርገውን ጥፋት እንደ ጥፋት ሳይቈጥረው ሊቀር እንደሚችል ነው። እንዲሁም ለመታረም ጊዜው አልፏል የሚባልበት ዕድሜ የለም።

እኔም በደብተሬ ሰባት ዓምድ አሰምሬ የዛሬን ሥራ ለነገ የማሳደር ልማዴን መቈጣጠር ጀመርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ጥቁር ነጥብ አገኘሁና አፈርሁ፤ ደብተሩንም ልቀድደው አስቤ ነበር። የፍራንክሊን የተበሳሳ ወረቀት ትዝ ብሎኝ ተውሁት። በአራተኛው ሳምንት ነጥቦቹ ሦስት ሆኑ። ይህ ትልቅ ድል አይደለም፤ ነገር ግን በራሴ መተማመን የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችን እስከ ዛሬ ደወሉን ስለ ደወሉልን ከልብ እናመሰግናቸዋለን። እናንተም አብራችሁኝ የምትወጡ ጓደኞቼ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ገመዱ በየእጃችን ነው። አንድ ቀን ሳንደውል ብናድር በማግሥቱ መደወልን አንተው።