ምኒልክና ዶማው፤ በችግር ዘመን ስለ ቤት አያያዝ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ በእጅህ ስትይዝ ምናልባት ኪስህ ባዶ፥ ልብህም የከበደ ይሆናል። በጉዱማሌ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ቤት ለቤት እየዞርሁ ከምእመናን ጋር ስጸልይ የምሰማው ነገር አንድ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱም፥ የቤት ኪራዩም፥ የልጆች ደብተሩም ዋጋ ወደ ላይ ወጣ፤ የሠራተኛው ገቢ ግን ዋጋውን ተከትሎ አልወጣም። ባል ዕዳውን ከሚስቱ ይሸሽጋል፤ ሚስትም የዕቁቡን ገንዘብ ከባልዋ ትሸሽጋለች፤ ሁለቱም በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ምንም እንዳልጐደለ ያመሰግናሉ። ስለዚህ ነገር ትእዛዝ እየደረደርሁ ከምጽፍልህ ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ብተርክልህ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። እርሳቸውም ስማቸውን ከሕፃንነትህ ጀምረህ የሰማኸው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው።

ንጉሥ ስለ ድኻ ቤት ምን ያስተምረኛል ትለኝ እንደ ሆነ፥ ትንሽ ታገሠኝ። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አገር በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፥ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባሉ ነበር። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሞቱና ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ልጁንም ማርከው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ገደማ በሰው ቤት፥ በሰው ማዕድ ኖሩ። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፥ ሴት ልጃቸውንም ዳሩላቸው፤ ነገር ግን እስረኛ ቢከበርም እስረኛ ነው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና ነገሡ። በ1875 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ ብጡልን አገቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በእንጦጦ ግርጌ አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ደፉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል አደረጉ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ይህን ሁሉ ከትምህርት ቤት ታውቀዋለህና አልዘገይበትም። እኔ ልነግርህ የምሻው ዘውዱ በተደፋበት በዚያው ወራት በአገሩ ስለ ነበረው ረኀብ ነው።

አባቶቻችን ያን ዘመን ክፉ ቀን ብለው ሰየሙት፤ ሌላ ስም አላስፈለገውም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች ለወታደሮቻቸው ምግብ ይሆን ዘንድ ከባሕር ማዶ ከብት ወደ ምጽዋ አመጡ። ከዚያ ከብት ጋር የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ ገባ። በሽታውም ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ትግሬ፥ ወደ አማራ፥ ወደ ሸዋ፥ ከዚያም ወደ ደቡብ ወረደ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም እስከ አፍሪቃ ደቡባዊ ጫፍ ደረሰ። በእኛ አገር ከዐሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር በሜዳ ተጣለ፤ ዝናቡም ቀረ፤ አንበጣና ተምች፥ አይጥም የቀረውን በሉት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሰው በመንገድ ወድቆ ቀረ፤ አራዊት ከዱር ወጥተው ወደ መንደር ገቡ፤ ወላጅ ልጁን ጥሎ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በልልኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ምእመናን በዚህ ነገር ሲጐዱ አይቻለሁና። የጐጃም ገበሬ በሬው የሞተበት ሰነፍ ስለ ሆነ አልነበረም። በማያውቀው ባሕር ላይ የተጫነ ከብት አመጣበት። እንዲሁ አንተም ገቢህ ያልበቃህ ሁልጊዜ ስለ ኃጢአትህ አይደለም። ሰው ሲቸግረው እግዚአብሔር ጣለው የሚሉ ሰባኪዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ኢዮብንም ወዳጆቹ እንዲሁ ብለውት ነበር፥ ተሳስተውም ተገኙ። ራስህን በከንቱ መኰነን ትተህ በእጅህ ያለውን መመልከት ጀምር።

ንጉሡም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሬ የለም፤ እንግዲህ ያለው የሰው ክንድ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ መሬቱን በዶማና በመቆፈሪያ እየቆፈረ እንዲዘራ ዐዋጅ አስነገሩ። ነገር ግን ዐዋጅ ብቻውን ምን ይሠራል? ያን ጊዜ ጨዋ የተባለ ሰው ዶማ መያዝን እንደ ውርደት ይቈጥር ነበር፤ በበሬ ማረስ የገበሬ ሥራ፥ በእጅ መቆፈር ግን ከዚያም ያነሰ ሥራ ነበር። መኳንንቱ ዐዋጁን ሰምተው ዝም ብለው ተቀመጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ራሳቸው ዶማ አንሥተው ከእርሻው ገብተው መሬቱን ቆፈሩ። ንጉሡ ሲቆፍሩ ራሱ ተቀምጦ የሚያይ ደጃዝማች እንዴት ይገኛል? መኳንንቱም ተነሡ፤ ወታደሩም ተነሣ። በዚያ ዘመን የነበሩ የውጭ አገር ሰዎችም ይህን ጽፈው አስቀርተውልናል።

ወንድሜ ሆይ፤ ከመሥሪያ ቤት ወጥተህ ሥራ ፈልገህ ያጣህ፥ ነገር ግን ዲፕሎማዬ አይፈቅድልኝም ብለህ ባጃጅ ለመንዳት ወይም ዓሣ ለመሸጥ የምታፍር፥ ያን ዶማ አስበው። የዘውዱ ክብር አልቀነሰም። እኅቴ ሆይ፤ ጐረቤት ያየኛል ብለሽ በደጅሽ እንጀራ ጋግሮ መሸጥን የተውሽ፥ አንቺም እንዲሁ አስቢው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ በናዝሬት በእጁ ሠርቶ የበላ ነው።

ከዶማው ቀጥሎ ማዕዱ ይመጣል። ሕዝቡ ከብቱ አልቆበት ሳለ ምኒልክ የላም ሥጋ አልበላም እንዳሉ ይነገርላቸዋል። የንጉሥን ግብር ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሺህ የሚቈጠር ሰው የሚበላበት አዳራሽ፥ ጮማና ጠጅ የመንግሥት ምልክት ነበረና። ቅነሳው ከላይ መጀመሩን ተመልከት። በእኛ ቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ከታች ነው። አስቀድሞ የልጁ ወተት ይቀራል፤ ቀጥሎ የእናቲቱ ጫማ፤ የአባወራው ቡና ቤትና ጫት፥ የስልኩም ካርድ ግን እንደ ታቦት አይነካም። በአንድ ቤት ገብቼ ይህን ስናገር አባወራው ተቈጣኝ፤ በኋላ ግን ማታ መጥቶ በሩን አንኳኳና አብረን ተቀምጠን ወጪውን በወረቀት ላይ ጻፍነው። ወሩ ከማለቁ በፊት ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ያን ቀን ገና አወቀ። ሚስቱም አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ዕዳውንም ያን ጊዜ ሰማች። አለቀሰች፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሸክሙን ሁለት ሆነው ተሸከሙት።

ምኒልክ የመንግሥቱን ጐተራ ከፍተው ለተራቡት እህል አስሰጡ። ልብ በል፤ የሚከፈት ጐተራ አስቀድሞ የተሞላ መሆን አለበት። ይህንም የእኛ አገር የሲዳማ እናቶች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እንሰት በጓሮ ለዓመታት ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝናብ ቢዘገይ ቶሎ አይሞትም፤ ተፍቆ በጕድጓድ የተቀበረውም ቆጮ ወራትን አልፎ ዓመትም ይቈያል። ከቤቱ ኋላ እንሰት የተከለ ሰው ባንክ ሳይሄድ ያስቀመጠ ሰው ነው። ዛሬ በከተማ የሚኖር ሰው ጓሮ የለውም፤ ስለዚህ ዕቁቡና ጥቂቱ ቁጠባ እንሰቱ ናቸው። ዕቁብ ሲደርስህ ሶፋ የምትገዛበት እንደ ሆነ ግን እንሰቱን ሳይበስል ነቅለህ መብላትህ ነው።

ረኀቡ ሊያልፍ ሲል ንጉሡ አንድ ሌላ ሥርዓት አወጡ፤ በሰው ዘንድ ከዶማው ያነሰ ይታወቃል፥ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ይህን እወደዋለሁ። ቀድሞ ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ ያገኘውን ሁሉ እየበላ ያድር ነበር። ገበሬው ስንት እንደሚወሰድበት አያውቅም፤ ስለማያውቅም ተስፋ ቈርጦ ብዙ አይዘራም ነበር። ምኒልክ በዚህ ፈንታ ዐሥራት አደረጉ፤ ከዐሥር አንድ ለመንግሥት ጐተራ ይገባል፥ ወታደሩም ከዚያ ይቀለባል። ሥርዓቱ በየስፍራው በሚገባ ተፈጸመ ብዬ አልዋሽህም፤ ነገር ግን አሳቡ መልካም ነበር። የተለካ ወጪ ከባድ ቢሆንም ሰው ይሸከመዋል፤ ያልተለካ ወጪ ግን በቤትህ የተመራ ወታደር ነው፥ ጠዋት ስትነሣ ምን እንደ ቀረህ አታውቅም። በእንግሊዝ አገር በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰባኪ ጆን ዌስሊ በወጣትነቱ በዓመት 30 ፓውንድ ሲያገኝ በ28ቱ ኖሮ 2ቱን ለድኾች ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ገቢው 60 ሆነ፤ እርሱ ግን በዚያው በ28ቱ ኖሮ 32ቱን ሰጠ። ልኩ አስቀድሞ ተቈርጦ ነበርና ገንዘብ ሲጨምር አልጨመረም።

ስለ ብድርም ልንገርህ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ከኢጣልያ ጋር ውል ተደረገ፤ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያም ራስ መኰንን፥ ያን ጊዜ ደጃዝማች ሳሉ፥ በኢጣልያ አገር ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በእርሱም አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ፤ መያዣውም የሐረር ጕምሩክ ገቢ ሆነ። አገሩ በረኀብ ላይ ሳለ ገንዘብ ሲመጣ ማን እንቢ ይላል? ነገር ግን የውጫሌ ውል ዐሥራ ሰባተኛው ክፍል በአማርኛው አንድ ነገር፥ በኢጣልያንኛው ሌላ ነገር ይል ኖሯል። በአማርኛው ንጉሡ ቢፈቅዱ በኢጣልያ አማካይነት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ይላላኩ ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። በዚህም ምክንያት ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፥ የተበደሩትንም ከነወለዱ ከፈሉ። ይህን የከፈሉት ከክፉው ቀን በወጣ፥ ገና በሬው ባልበዛ አገር ነው። ዕዳው ባይከፈል ኖሮ የሐረር በር በባለዕዳ እጅ በቀረ ነበር። አንተም ከአበዳሪ ፊት ስትቀመጥ ወረቀቱን አንብበው፤ ካልገባህ ልጅህን አስነብበው፤ መያዣ ያደረግኸው ነገር የሚስትህና የልጆችህ መኖሪያ መሆኑንም አስበህ ፈርም።

እኔ የወንጌል ሰው ነኝና ንጉሡን ያለ ነቀፋ አድርጌ ልሥልልህ አልችልም፤ በተለይም ለአንተ፥ ለጉዱማሌው አንባቢ። በዚያው በክፉው ቀን ዘመንና ከዚያም ወዲህ የሸዋ ሠራዊት እህልና ከብት ወዳለበት ወደ ደቡብ ወረደ። ሲዳማ በ1880ዎቹ ዓመታት በጦር ተይዞ ወደ ግዛቱ ተጠቃለለ፤ በ1887 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው በወላይታ ዘምተው ብዙ ሰው ሞተ፥ እጅግ ብዙ ከብትም ተነዳ። አያቶችህ ስለዚያ ዘመን የነገሩህን እርሳ አልልህም። በዶማ የተገኘው እንጀራና ከሌላው ቤት የተነዳው ላም በአንድ ማዕድ ቀርበዋል፤ አንዱን አመስግኜ ሁለተኛውን አላመሰግንም። ይህም በትንሹ በእኛ ቤት አለ። የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ሦስት ወር አዘግይቶ በዚያ ገንዘብ ቤቱን ያሻሻለ ሰው ቈጣቢ አይባልም።

በየዓመቱ ለፍቼ ጫምባላላ በጉዱማሌ ሜዳ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ሽማግሌዎች ቆመው ይመክራሉ። ተግታችሁ ሥሩ፥ ሽማግሌን ደግፉ፥ የአገር ዛፍ አትቍረጡ፥ ከልመናና ከስንፍና፥ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ራቁ የሚል ነው ምክራቸው። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት መዝገብ ገባ። በዋዜማው ማታም ቤተ ሰቡ ከእንሰትና ከቅቤ የተሠራውን ቡርሳሜ ከአንድ ገበታ ይበላል፤ ጐረቤትም ይጠራል። በክፉው ቀን ይህ ቅቤ ከወዴት ይመጣ ነበር? ላሟ ሞታ ነበር፤ ከሞት የተረፈችውም ጥቂት ጊደር ሳትታረድ ተጠብቃ ነው ከብቱ እንደ ገና የበዛው። የተራበ ሰው ያችን ጊደር በገመድ ይዞ ሲያድር፥ ቢላዋውም በጓዳ ሳለ፥ ምን እያሰበ እንዳደረ አስብ።

ያ የከብት በሽታ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በአፍሪቃ ሲመላለስ ኖረ። የእንስሳት ሐኪሞች በክትባት እየተከተሉት፥ በእኛም አገር በየቈላውና በየበረሃው ከብት አርቢውን እየተከታተሉ፥ ቀስ በቀስ አጠፉት። በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱን አስታወቀ።